አሥራ አንድ ብሎን

ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ የበደለኝ ሰው ኢንጂነር ዳዊት ይባላል። ዕቃ ይነድፋል እንጂ አንድ ቀን አጥቦ የማያውቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እሱ ነው። ካዛንቺስ ለምሠራበት የእህል ላብራቶሪ አሥራ አንድ ብሎን ያለው፣ ውስጡ ጥጋጥግ የሞላበት ወፍጮ ሠርቶ አመጣ። የሰፈር ወፍጮ ቤት እንኳ በርበሬና ጤፍ ለየብቻ ይፈጫል፤ የእሱ ግን ሁሉን በአንድ ጉሮሮ ይውጣል። በርበሬ ፈጨሁበትና አጠብኩት፤ ቀጥሎ የፈጨሁት ነጭ ጤፍ ቀልቶ ወጣ። "የንጽህና ጉድለት" የሚል ማስጠንቀቂያ ለማን የተጻፈ ይመስላችኋል? ለእኔ!

አቤት ብዬ ከኢንጂነሩ ጋር አለቃችን ፊት ስንቀርብ፣ "እትዬ አልማዝ፣ ማጽዳቱ እኮ ቀላል ነው፤ በቃ፣ መፍታት ብቻ" አለኝ።

"እስቲ አሳየኝ፣ ልጄ።"

አራተኛውን ብሎን ሲፈታ የተደበቀው በርበሬ ፊቱ ላይ ቦነነ። ማስነጠሱ ኦሎምፒያ ላይ ታክሲ ሳያስቆም አልቀረም። አለቃችን ሳቃቸውን በመሐረብ ሸፈኑ።

በማግስቱ ቄራ አንድ ብረት ሠሪ ዘንድ ሄጄ፣ ውስጡ ጥግ የሌለው፣ በአንድ እጀታ የሚከፈት ወፍጮ አሠራሁ። ለአለቃችን አሳየኋቸው፤ ማስጠንቀቂያው ተነሣ። የአሮጌውን ወፍጮ ማጠቢያ ብሩሽ ለኢንጂነሩ ሰጠሁት።