የተጫረው ዲስክና ክቡር አስረጂ

ሳይጠየቅ የሚያስረዳ ሰው የሌለበት ቤተሰብ በዚህ ዓለም ላይ የለም። እኛ ቤት የለም የሚል ካለ አስረጂው ራሱ ሊሆን ይችላልና ቤተሰቡን ይጠይቅ።

ለአንዲት ነርስ የደረሷት የእህቷ ባል ናቸው። ሰውየው ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ናቸው፤ ዘመድ አዝማዱ ግን ከሙያቸው ይልቅ በማዕረጋቸው ነው የሚያውቃቸው፤ ክቡር አስረጂ። አምፖል ከተቃጠለ፣ ከመቀየራቸው በፊት ለምን እንደተቃጠለ ይናገራሉ፤ ቤተሰቡም ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። ሊፍት ቆሞ አብረዋቸው የታሰሩት ጎረቤት ከዚያ ወዲህ በደረጃ ነው የሚወጡት፤ ሊፍቱን ፈርተው ሳይሆን እሳቸውን። ንግግራቸውን ሲጨርሱ ደግሞ፣ "አልገባችሁም፣ ልድገመው" ይላሉ። ገብቶናል ብሎ መማል አያድንም።

ሚስታቸው ልብስ ሰፊ ነች። ባለፈው ዓመት ከታመመች ወዲህ ቃላት ይጠፉባታል፤ መቀስ ለማለት ፈልጋ ሁለት ጣቷን ከፈት ዘጋ ታደርጋለች። ዜማ ግን አልጠፋባትም። ከስፌት ቤቱ በጡረታ የምትሰናበትበት ቀን ሲቆረጥ፣ የምትወደውን ዘፈን በካራኦኬ ካልዘፈንኩ አለች።

"ዝም ብላ... ወጣች... እንዲሉኝ አልፈልግም" አለች፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀመች።

ነርሷ ግጥሙን በወረቀት ልጻፍልሽ ብትላት አሻፈረኝ አለች። ወረቀት ላይ የቱ ጋ እንደደረሰች ይጠፋታል። ቴሌቪዥኑ ላይ ግን ቀለሙ ፊደል በፊደል እየተራመደ እጇን ይዞ ይወስዳታል። ችግሩ ዘፈኑ የሚገኘው አንድ አሮጌ ዲስክ ላይ ብቻ መሆኑ ነው፤ ዲስኩም ክፉኛ ተጭሯል።

ከስንብቱ በፊት በነበረው ቀን ክቡርነታቸው ሳሎን ውስጥ ሞከሩት። ሙዚቃው ኩልል እያለ ይወርዳል። ስንኞቹ መሃል ግን ትንንሽ ካሬ ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ አንዳንዱም ፊደል ቀለሙ ዘሎት ያልፋል።

"ድምፁ ደህና ሆኖ ፊደሉ ምን ነካው?" አለች ነርሷ። ምን እንዳደረገች የገባት ካፏ ካመለጠ በኋላ ነው።

ክቡር አስረጂ ወንበር ሳቡ።

"ይኸውልሽ፣ ይሄ ዲስክ ፊደል የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው ሥዕል ነው። ስክሪኑ እንደ ወለል ንጣፍ በካሬ በካሬ ተከፋፍሏል፤ ዲስኩ ይቺን ካሬ እዚህ ሳል፣ ያቺን እዚያ ሳል እያለ ያዝዛል። ድምፁ ዋናው ጭነት ስለሆነ በደንብ ተጠንቅቀውለታል። በታትነው ነው የጻፉት፤ ጭረት ሲያገኘው ከየቦታው ትንሽ ትንሽ ነው የሚጎድለው፣ ማሽኑም ከተረፈው አስልቶ ይሞላዋል። ሥዕሉ ግን ድምፁ አጠገብ በተረፈች ጠባብ ቦታ የተሸጎጠ ነው። መጠበቂያ አለው፣ ግን ደካማ ነው። አንድ ትእዛዝ ከጠፋ ካሬዋ ሳትሳል ታልፋለች፤ ስክሪኑ እስኪጠረግ እንደጎደለች ትቀራለች።"

"ታዲያ ምን ይሻላል ጋሼ?"

"ቆይ እንጂ! ሰዎቹ ሞኝ አይደሉም። ስክሪኑን ጥረግ የሚለውን ትእዛዝ ደጋግመው ነው የሚጽፉት። አንዱ መንገድ ላይ ቢቀር ሌላው ይደርሳላ! አልገባሽም፣ ልድገመው..."

"ገብቶኛል! እትዬ ነገ ምን ታነባለች ነው የምልህ!"

ክቡርነታቸው ከወንበራቸው ተነሡ። ዲስኩን በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ጠረጉና መልሰው ከተቱት። ጥቂት ቀዳዳዎች ተደፈኑ፤ ጭረቱ ጠለቅ ያለበት ቦታ ግን ንቅንቅ አልል አለ። ከዚያ ዘፈኑን እየመላለሱ ስክሪኑ ላይ አፍጥጠው ቀሩ። ነርሷ ይህን አይታ፣ በቃ ነገሩ አልሆነም አለች።

በማግስቱ የስፌት መኪናዎቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተው፣ የእህቷ ባልደረቦች የጨርቅ ጥቅል ላይ ሰብሰብ ብለው ጠበቁ። ልብስ ሰፊዋ ማይኩን ያዘች። ክቡር አስረጂ ቴሌቪዥኑ ጎን ሄደው ሲቆሙ፣ ነርሷ አሁን ለዚህ ሁሉ ሰው ማስረዳት ሊጀምሩ ነው ብላ ተሸማቀቀች።

አልጀመሩም። የመጀመሪያው ስንኝ በሰላም አለፈ። ቀጥሎ ቀዳዳው መጣ፤ ዜማው ሲሄድ ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ባዶው ካሬ ላይ ተክላ ቀረች። ክቡርነታቸው የጎደለውን ቃል ድምፅ ሳያሰሙ በከንፈራቸው አሉላት። አላየቻቸውም። ደገሙት። አሁንም አላየችም። ደግመው ሲሉት አየቻቸውና ቃሉን አንሥታ ዜማው ላይ ደረሰችበት። ከዚያ ወዲያ ዓይኗ ከስክሪኑ ወደ ባሏ፣ ከባሏ ወደ ስክሪኑ ይመላለስ ጀመር። ቀዳዳ ሁሉ የት እንዳለ ሸምድደውታል፤ ቀዳዳ በሌለበት አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

ነርሷ እንባዋ መጣ። እኚህን ነዝናዛ ሰውዬ ለካ ትወዳቸው ኖሯል፤ ለራሷም ነግራው አታውቅም።

ጭብጨባው ሲበርድ ልብስ ሰፊዋ ማይኩን አልመለሰችም። ወደ ባሏ ጠቆመች።

"ይሄ ሰውዬ..." አለች፤ ቃሉ ጠፋባት። "ይሄ ሰውዬ..."

ክፍሉ በሙሉ ሊያቀብላት አፉን ከፈተ። ክቡር አስረጂ እጃቸውን ከፍ አድርገው ሁሉንም ዝም አሰኙ። እሳቸውም ዝም ብለው ዓይን ዓይኗን እያዩ ጠበቋት።

"...የኔ ነው" አለች።