ሠርቶ ያገኛት መኪና

መኪና ሁሉ ለመፍጠን የተሠራ ይመስላችኋል? የቆቦውን የባጃጅ መካኒክ፣ ሰይድን እስካውቅ ድረስ ለእኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ይህ ሰው በሪሞት የምትነዳ፣ ከዶሮ የማትበልጥ መኪና በገዛ እጁ ሠርቶ፣ ድንጋይ ለድንጋይ በኤሊ እርምጃ ሲያስወጣት ይውላል። ብሎን ያጠብቃል፣ መልሶ ያላላል፤ ጎማዋ ድንጋዩን ቆንጥጦ እንዲይዝ ውስጡን ስፖንጅ ይሞላል። ምሳውን እንኳ ይረሳል። ለእንዲህ ያለ ሰው ማን ልጁን ይድራል?

እኛው ሽማግሌ ሆነን የወደዳትን ልጅ ልንጠይቅለት ዋጃ ሄድን። የልጅቷ አባት ሐጂ ይማም «ለመሆኑ ልጁ ምን አለው?» አሉን።

እኔ ቀደም ብዬ «መኪና አለው፤ ያውም ራሱ ሠርቶ ያገኛት!» አልኩ። እስቲ ፍረዱኝ፣ ምኑ ላይ ነው ውሸቱ?

ሐጂ መኪናዋን ሊያዩ ቆቦ ድረስ መጡ። ሰይድ ከጠረጴዛ ሥር አወጣላቸው። መኪናዋን አዩ፤ ቀጥሎ እኔን አዩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰይድ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ደጁ ላይ ያለውን የድንጋይ ክምር ያስወጣት ጀመር። መሃል ላይ ወደ ኋላ ተገለበጠች። አልተናደደም። ባትሪዋን ከጣሪያዋ አውርዶ ከፊት አሰረው። አሁን የፊት ጎማዎቿ ድንጋዩን ነክሰው፣ ቀስ እያለች ጫፉ ላይ ወጣች።

«ማሻአላህ!» አሉ ሐጂ፤ ሽርጣቸውን ሰብስበው ቁጢጥ አሉ። «እስቲ ያንን ሪሞት ወዲህ በለው።»

ልጃቸውን ድረውለታል። ሪሞቱን ግን እስከ ዛሬ አልመለሱም።