የቤተሰቡ መኪና ኮሚቴ በሰማያዊው ጭስ ጉዳይ ያካሄደው ሰባተኛ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ረቡዕ፣ የካቲት 14

ሰዓት፦ ለ8፡00 ተጠርቶ 8፡50 ተጀመረ።

ቦታ፦ የእናታችን ቤት ሳሎን። ከ9፡05 በኋላ ሳሎኑ በጭስ ስለተሞላ ግቢው ውስጥ፣ ከመኪናዋ ፊት ለፊት። ከኋላዋ ለመቀመጥ ፈቃደኛ የሆነ አባል አልተገኘም።

በስብሰባው የተገኙ፦
1. ታላቅ ወንድማችን፣ ምክትል ርእሰ መምህር፤ ሰብሳቢ
2. አክስታችን፣ የእናታችን ታናሽ እህት፤ ንብረት ያዥ
3. የእህት ባል፣ መጋረጃ ነጋዴ። «ባለ ቱርቦ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ» ብሎ ይህችን መኪና ያስገዛ በመሆኑ በሰፈሩ «ቱርቦ» ይባላል፤ አባል
4. የቱርቦ ሚስት፤ ጸሐፊ (ባሏን በሚመለከት ያለ አድልዎ ለመጻፍ ቃል ገብታለች)
5. በቅጽል ስሙ «ዶክተር» የሚባለው መካኒክ፤ ባለሙያ፣ ድምፅ የሌለው
6. እናታችን፤ ጉዳዩ በቀጥታ የሚመለከታቸው፣ ሆኖም መኪና ስለማይነዱ ድምፅ የሌላቸው

ያልተገኘ፦ ታናሽ ወንድማችን። በስልክ ተጠይቆ «መንገድ ላይ ነኝ፣ ደርሻለሁ» ብሏል። ሲናገር የሻወር ድምፅ ይሰማ ነበር።

ምልዓተ ጉባኤ፦ አምስት ባለ ድምፅ አባላት መገኘት ሲገባቸው የተገኙት አራት ናቸው። ሰብሳቢው መኪናዋ ሞተሯ ተነሥቶ ግቢ ውስጥ ስላለች እንደ አምስተኛ አባል ትቆጠር ብለው ያቀረቡት ሐሳብ ተቀባይነት አግኝቷል። በየአጀንዳው ድምፀ ተዓቅቦ እንዳደረገች ይወሰዳል።

አጀንዳ 1፦ የጭሱን ቀለም ስለመወሰን

ቱርቦ ከመኪናዋ የሚወጣው ጭስ ሳይሆን እንፋሎት መሆኑን፣ «ማንም ሰው በብርድ ሲተነፍስ እንደዚያ እንደሚያደርገው» አስረድቷል። ሰብሳቢው ሸሚዛቸውን በላብ ከጀርባቸው እያላቀቁ ብርዱ የት እንዳለ ጠይቀዋል።

አክስታችን ጭሱ ግራጫ መሆኑን ገልጸው፣ «ልክ አንተ ሰማያዊ ነው ብለህ እንደሸጥክልኝ መጋረጃ» ብለዋል። ቱርቦ፣ «እትዬ፣ መጋረጃው እኮ ሰማያዊ ነው! በፀሐይ ይዤ አሳይቼሽ የለም እንዴ?» በማለት በቁጣ መልሷል። አክስታችንም፣ «እንግዲያው ጭሱም ሰማያዊ ነው፤ አለዚያ ገንዘቤን መልስ» ብለዋል። ቱርቦ የገንዘብ ቦርሳው ያለበትን ኪስ ቆልፏል።

ባለሙያው ነጭ ሲሆን ውሃ፣ ጥቁር ሲሆን ነዳጅ፣ ሰማያዊ ሲሆን የሞተር ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን አብራርቷል። ከረጅም ውይይት በኋላ ጭሱ ከዛሬ ጀምሮ ሰማያዊ እንዲሆን በሦስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ ዘይቱ ለምን ይቃጠላል?

ባለሙያው መንስኤው ብዙ ሊሆን እንደሚችል ገልጿል። ጠዋት ስትነሣ ብቻ የምታጨስ ቢሆን የቫልቭ ጎሚኒ (ላስቲኩ)፣ ዳገት ላይ ብቻ ቢሆን የፒስተን ሪንግ ይጠረጠር ነበር። ይህች ግን ሁልጊዜ ታጨሳለች። ቱርቦው፣ ማለትም ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው መዘውር፣ የሚሽከረከረው በዘይት ላይ ስለሆነ፣ ዘይቱ ተመልሶ የሚወርድበት ቦታ ካጣ በቱርቦው በኩል ሾልኮ ይቃጠላል። «ግን ይኼ ሁሉ በኋላ ነው። መጀመሪያ ዘይቷን ልለካ። መለኪያ ዘንጉን ማን አወጣው? ቀዳዳው ላይ የጠርሙስ ቡሽ ነው ያለው!» ሲል ጠይቋል።

ጸሐፊዋ የቀድሞ ቃለ ጉባኤዎችን አገላብጣ የሚከተለውን አንብባለች። አንደኛ፣ በአምስተኛው ስብሰባ ሰብሳቢው ዘንጉን አይተው «ጎድሏል»፣ ቱርቦ «ሞልቷል»፣ አክስታችን «ቆሽሿል» በማለታቸው ዘንጉ የቤተሰቡን ሰላም የሚያደፈርስ ሆኖ ስለተገኘ፣ ከመኪናዋ ወጥቶ በፊርማ ለንብረት ያዥ ተላልፏል። ሁለተኛ፣ በስድስተኛው ስብሰባ፣ ማንም «ያለ ዘይት ነድተህ ሞተሩን አቃጠልከው» ተብሎ እንዳይወቀስ፣ መኪናዋን የነዳ ሁሉ ቁልፉን ከማስረከቡ በፊት ግማሽ ሊትር ዘይት እንዲጨምር፣ ካጨሰች ደግሞ ሌላ ግማሽ እንዲደግም ተወስኗል።

ባለሙያው ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ይህ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝለት ጠይቋል። ተይዟል።

ሰብሳቢው የዘንጉ ጉዳይ በአጀንዳ ስላልተያዘ ከአስራ አምስት ቀን በኋላ በስምንተኛው ስብሰባ እንዲታይ አዝዘዋል። ባለሙያው፣ «ጋሼ፣ ትኩሳት ለመለካትም ስብሰባ ይጠራል?» ብሎ በመጠየቁ ከሥነ ሥርዓት ውጪ ነህ ተብሏል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ወርዶ እንዲፈታ ተወስኗል። ባለሙያው ይህ ሦስት ሳምንት እንደሚፈጅ አሳስቧል።

አጀንዳ 3፦ የነገው ጉዞ

እናታችን ነገ ሐሙስ ከጠዋቱ 3፡00 ላይ፣ የሦስት ሰዓት መንገድ ርቆ በሚገኘው ሆስፒታል የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ አላቸው። ተራው እስኪደርስ አስራ አንድ ወር ጠብቀዋል፤ ያመለጠው ሰው ወደ ሰልፉ መጨረሻ ይመለሳል። አውቶቡሱ ከ2፡00 በፊት አይነሣም። ወደ ሆስፒታሉ በሚወስደው መንገድ ድልድዩ ላይ ያለው የትራፊክ ተቆጣጣሪ ደግሞ የምታጨስ መኪና አያሳልፍም፤ ባለፈው ሳምንት ቱርቦን ከነመጋረጃው መልሶታል።

ጸሐፊዋ መኪና እንከራይ ብላ ያቀረበችው ሐሳብ፣ «ደጅ የቆመች መኪና እያለችን? ምን እንባላለን?» በሚል በሦስት ድምፅ ወድቋል።

ቱርቦ እስከ ድልድዩ ያለው መንገድ ቁልቁለት ስለሆነ ሞተሩ ጠፍቶ፣ መኪናዋ በራሷ እየተንከባለለች ተቆጣጣሪውን እንድታልፍና ተሳፋሪዎች ምንም እንዳልተፈጠረ እጃቸውን እንዲያውለበልቡለት ሐሳብ አቅርቧል። ባለሙያው ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑ ድንጋይ እንደሚሆን አስጠንቅቋል። ሐሳቡ «ፍሬኑ እንዲተባበር» የሚል ማሻሻያ ታክሎበት ጸድቋል።

ሆኖም መኪናዋ በአጀንዳ 2 መሠረት ሞተር እንደማይኖራት ጸሐፊዋ በማስታወሷ፣ ሰብሳቢው ሆስፒታሉ ቀጠሮውን ወደፊት እንዲገፋልን ደብዳቤ ይጻፍ ብለዋል። «አስራ አንድ ወር የጠበቀ ሰው ትንሽ ቢጨምር ምን ይሆናል?» ሲሉም አክለዋል።

በዚህ ጊዜ እናታችን ድምፅ ባይኖራቸውም መናገር ጀምረዋል። «ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ እኔ አላየውም። የልጆቼንም ፊት ካየሁ ሰንብቻለሁ፤ ማን እንደገባ የምለየው በኮቴው ነው። አንተ ልጅ፣ እስኪ አንድ ቀን ዓይንህን ጨፍነህ ይቺን ደረጃ ውረድና ከዚያ ‹ትንሽ ቢጨምር› በለኝ» በማለት ለሰብሳቢው ተናግረዋል። ሰብሳቢው ሰዓታቸው እንዳለቀ ሊያስታውሷቸው ጀምረው ትተውታል።

እናታችን ቀጥለው፣ «አንቺ፣ ያ ብረት የታለ?» ብለው እህታቸውን ጠይቀዋል። አክስታችን ዘንጉ በአደራ ያለ የኮሚቴው ንብረት መሆኑን፣ በአሁኑ ሰዓትም በረንዳቸው ላይ አንድ የቲማቲም ችግኝ ደግፎ እንደሚገኝ፣ ቢነሣ ችግኙ እንደሚሰበር አስረድተዋል። እናታችን፣ «ቲማቲምሽን እኔ በጣቴ ይዤ አድራለሁ። አምጪ!» ብለዋል። ስብሰባው ለአስራ ሁለት ደቂቃ ተቋርጧል።

ዘንጉ ከነአፈሩና ከነታሰረበት ክር ቀርቧል። አክስታችን ደረሰኝ ካልተጻፈልኝ ብለው ተጽፎላቸዋል። ባለሙያው ሞተሩን አጥፍቶ፣ ዘይቱ እስኪወርድ ጠብቆ፣ ዘንጉን ሁለቴ ጠርጎ ለክቷል። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አራት ጣት አልፎ ተገኝቷል። በስድስተኛው ስብሰባ ውሳኔ መሠረት በአምስት ሳምንት ውስጥ አስራ ሦስት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሊትር መጨመሩ ከመዝገብ ተረጋግጧል። ባለሙያው፣ «እማማ፣ ይቺ መኪና ዘይት በላችብን የምትሏት ተርባ አይደለም። ጠግባ ነው የምታገሳው» ሲል አስታውቋል።

የማፍሰሻው ብሎን ተፈትቶ ሦስት ሊትር ያህል ወጥቷል። የቱርቦው ቧንቧ ተነቅሎ ተጠርጓል፤ ባለሙያው መዘውሩን በጣቱ ነቅንቆ ግድግዳውን እንደማይነካ አይቷል። ሞተሩ ሲነሣ ከበፊቱ የባሰ አጭሳለች። ቱርቦ «እንፋሎት ነው አላልኳችሁም?» ብሎ ጮኋል። ባለሙያው ቧንቧ ውስጥ የቀረው ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ገልጾ፣ እናታችንን ከጎኑ አስቀምጦ ዳገቱን ሦስት ጊዜ ወጥቶ ወርዷል። በሦስተኛው ሲመለሱ ከጭስ ማውጫዋ የሚታይ ነገር አልነበረም። ሰብሳቢው ጭሱ ስለመጥፋቱ ድምፅ እንዲሰጥ ቢጠይቁም እጅ ያወጣ የለም፤ ሁሉም በእጁ የመኪናዋን በር ይዞ ነበር።

ውሳኔ

ሀ. ጭሱ ሰማያዊ ነው የተባለው፣ ሞተሩ ይውረድ የተባለው፣ በቁልቁለት መንከባለሉ፣ ደብዳቤው፣ እንዲሁም በአምስተኛውና በስድስተኛው ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ፣ መኪናዋ አባል መሆኗም ጭምር፣ ተሽሯል። ስለሆነም ምልዓተ ጉባኤው እንዳልተሟላና ይህ ስብሰባ እንዳልተካሄደ ይቆጠራል።

ለ. ዘንጉ ወደ ቦታው ይመለሳል። ቡሹ ለአክስታችን በፊርማ ተሰጥቷል።

ሐ. ነገ ንጋት 11፡00 ላይ ጉዞ ይጀመራል። ለመንዳት ሦስት አባላት ቢወዳደሩም እናታችን «ዛሬ ያልረባ ነገር ስታወራ ያልሰማኋት ትንዳ» በማለታቸው ጸሐፊዋ ተመርጣለች።

ስብሰባው 12፡25 ላይ ተበትኗል። 12፡30 ላይ ታናሽ ወንድማችን ግማሽ ሊትር ዘይት ይዞ ደርሷል። ዘይቱ ተወርሷል።

ፊርማ፦ ሰብሳቢው፣ ንብረት ያዥዋ፣ ቱርቦና ጸሐፊዋ ፈርመዋል። እናታችን ጣታቸውን በቀለም ነክረው እንዲያትሙ ቢጠየቁ እምቢ ብለዋል። «እስከ ሰኞ አስቀምጡልኝ። ራሴ አንብቤው፣ ውሸት ከሌለበት እፈርማለሁ» ብለዋል። ቦታው ክፍት ተትቷል።