ጋሽ መርሃዊና የህንድ አገሩ ዓምድ

ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ ያልተጠየቀውን የሚያስረዳ አንድ ሰው አይጠፋም። በሮም ባቡር ጣቢያ፣ በተርሚኒ አካባቢ ይህን ሥልጣን ጠቅልለው የያዙት ሊቀ ሊቃውንት መርሃዊ ናቸው። «ቆይማ፣ ከሥሩ ልጀምርልህ» ካሉ አለቀ። ባቡር ስንት ሰዓት እንደሚነሳ የጠየቃቸው መንገደኛ ስለ ሐዲድ አጀማመር ተምሮ፣ ባቡሩ አምልጦት ወደ ቤቱ ይመለሳል።

አልዶ ደግሞ ጎረቤታቸው ነው፤ ስሙ የጣሊያን ይሁን እንጂ እሱም ሐበሻ ነው። ዘንድሮ ሊቁን የያዛቸው ህንድ አገር የቆመ የድንጋይ ዓምድ ነው፤ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ሄሊዮዶሮስ የተባለ የግሪክ አምባሳደር ለህንዶቹ አምላክ አቁሞ ጽሑፍ ያስቀረጸበት። አልዶ ይህን አሳንሰር ውስጥ ሰምቶታል፤ ጸጉር ቤት ሰምቶታል፤ ቀብር ላይም አልቀረለትም። ጽሑፉ ጋ ሳይደርሱ ግን ሁልጊዜ ሰበብ ፈጥሮ ያመልጣቸዋል።

በዚህ መሀል አንድ ልጁ ኪያራ፣ ሱኒል የሚባል ህንዳዊ ነርስ ላግባ አለች። ልጁ ጨዋ ነው፤ ግን ሂንዱ ነው። አልዶ ደግሞ ካቶሊክ ነው። ልጄ የሰው አገር ሰው ሆና አባቷን ትረሳለች ብሎ ፈራ፤ ፍርሃቱንም ለሚስቱ ለብሩና ብቻ ነገራት።

ሱኒል ሮም ውስጥ ዘመድ የለውም። ኪያራ በእኛ ወግ ሽማግሌ ይላካል ስላለችው ላከ። አልዶ በሩን ሲከፍት ክራቫት አስረው የቆሙት መርሃዊ ናቸው። እንደ ወጉ «እንምከርበት፣ ሌላ ቀን ይመለሱ» ሊል ነበር፤ ከተመለሱ ዓምዱም አብሮ እንደሚመለስ ትዝ ሲለው ተወው። አስቀመጣቸውና ለረጅሙ ትምህርት ተዘጋጀ።

ሊቁ ግን ከሥሩ አልጀመሩም።

«አልዶ፣ ያ ግሪክ ለሰው አገር አምላክ ሰገደ። ድንጋዩ ላይ ግን ‹የዲዮን ልጅ› ብሎ አስጻፈ። ዲዮን አባቱ ነው።»

ከዚያ ዝም አሉ። መርሃዊ ዝም ሲሉ አልዶ የዚያን ዕለት ገና ማየቱ ነው።

«የአባቱን ስም?»

«የአባቱን ስም። እስከ ዛሬ ይነበባል።»

አልዶ ብሩናን ጠርቶ ወይን እንድታመጣ ነገራትና ልጁን ሰጠ።

በሠርጉ ዕለት አልዶ ብርጭቆውን አንስቶ ስለ ዓምዱ ለእንግዶቹ ተናገረ፤ ዓምዱ ያለው ቦምቤይ ነው አለ። መርሃዊ ሊያርሙት አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ አልዶ ልጁን አቅፎ መቆሙን አዩና በተከፈተው አፋቸው ዳቦ ጎረሱበት።

አልዶ ይህን አይቷል። መሳሳቱንም ያወቀው ያኔ ነው። በማግስቱ በገዛ እግሩ ሄዶ በራቸውን አንኳኳ።

«ጋሽ መርሃዊ፣ እስኪ ከሥሩ ይጀምሩልኝ።»