ነጯን ኳስ መደበቅ

መጋቢት ስድስት ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ የጋሽ ምንዳዬ ስም ተጠራ።

ውድድሩ የስኑከር ባለሙያዎች ውድድር ነው። ማመልከት የለም፤ የተጠራ ይገባል። ጋሽ ምንዳዬ አዳማ መናኸሪያ ጀርባ ባለችው ፑል ቤት ሠላሳ ዓመት ተጫውተዋል። የጥሪው ወረቀት የመጣው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ከግርጌው በደቃቅ ጽሑፍ «ምትክ መላክ አይቻልም» ይላል።

ጓደኛቸው ፀጉር አስተካካዩ አቶ ሽብሩ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ጉንፋን ይዞኛል በላቸዋ።»

«እሱማ ቶሎ ያስገባኛል» አሉ ጋሽ ምንዳዬ።

መቅረት እንደማይቻል ገብቷቸዋል። የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጃቸው ትርሲት ከጂንካ ተሳፍራ እየመጣች ስለሆነ፣ እሷ ሳትደርስ ጨዋታው እንዳያልቅ። ስማቸው ሲጠራ ገና ሻሸመኔ ነበረች።

ተጋጣሚው ቀጭን፣ ሥርዓት ያለው ሰው ነው። አይቀመጥም፣ ውኃ አይጠጣም። አቶ ሽብሩ ጠጋ ብለው አገሩን ጠየቁት።

«ሥራዬ መዞር ነው» አለ ሰውየው። «የእርስዎንም ስም የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ።»

«የኔን? እኔ እኮ ስቴካ ጨብጬ አላውቅም!» አሉ፣ ዕድሜ ልካቸውን በስቴካቸው ሲፎክሩ የኖሩት አቶ ሽብሩ፤ ሄደውም የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ጋሽ ምንዳዬ ለማሸነፍ አልተጫወቱም። ነጯን ኳስ በቀስታ እየነኩ ከሌሎቹ ኳሶች ጀርባ ይደብቋታል። ሰውየው ዞሮ ያያታል፤ ፈገግ ይልና ይጠብቃል። ሰዓት አላሰረም።

ዳኛዋ ነጭ ጓንት ያጠለቀች፣ ጫማዋ የማይሰማ ልጅ ናት።

«ልጄ፣ ኳሷ አቧራ ነክቷታል፤ ጥረጊልኝ።»

«አባባ፣ አሁን ጠረግኳት እኮ!»

«አዳማ ነዋ ያለነው! አቧራው ይመለሳል።»

አሥራ አንድ ጊዜ አስጠረጉ። የጫማቸውን ክር ፈትተው አሰሩ፤ ክር የሌለውንም ጫማ ሊያስሩ የሚችሉ ይመስሉ ነበር። የሰፈሩ ሰው፣ ፑል ቤት እንደለመደው፣ ምክር ያዘንባል።

«በግራ በኩል ንካት!»

«ኧረ ተዋት፣ ባለችበት ትረፍ!»

«እባካችሁ፣ አባባ እንዳይደክሙ» ትላለች ዳኛዋ። ሰፈሩ ዝም ማለት አይችልበትም።

ትርሲት ዝዋይ ደረሰች። ቀያዮቹ፣ ከዚያም ባለሌላ ቀለሞቹ ኳሶች አንድ በአንድ ቀዳዳ ገቡ። ሞጆ ስትደርስ ጠረጴዛው ላይ የቀሩት ነጯና ጥቁሯ ብቻ ናቸው። መደበቂያ ጠፋ።

«ትንሽ ልረፍ» አሉ ጋሽ ምንዳዬ።

«ይረፉ። አልቸኩልም» አለ ሰውየው።

አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ትርሲት በሩን በርግዳ ገባች። በአንድ እጇ ሻንጣ፣ በሌላው ከአርባ ምንጭ የገዛችው የሙዝ ዘለላ።

«አባዬ! እየመራህ ነው?»

«በሰፊው!»

አቶ ሽብሩ ከመጨረሻው ወንበር ተስፈንጥረው ተነሡና የነጥብ ሰሌዳውን በኮታቸው ሸፈኑት። ሰፈሩ በሙሉ ወለል ወለሉን አየ። ዳኛዋም ጓንቷን ማስተካከል ያዘች።

«ነይ፣ እዚህ ቁሚና እዪ» አሉ ጋሽ ምንዳዬ፤ ከጠዋት ጀምሮ ያልነበረ ድምፅ ወጣቸው። ጎንበስ ብለው፣ ምንም ሳይደብቁ፣ በነጯ ጥቁሯን መቷት። ሦስት ጠርዝ ገጭታ መጣችና ቀዳዳው አፍ ላይ ቆመች።

«ይቺ ትቆጠራለች!» ብላ ትርሲት አጨበጨበች። ሁሉም አብሮ አጨበጨበ፤ እንደማትቆጠር የማያውቅ አልነበረም።

ሰውየው ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ ነካት፤ ገባች። እጁን ዘረጋ። ጋሽ ምንዳዬ ስቴካቸውን ለልጃቸው ሰጡና ጨበጡት።

«ምን ይቀዘቅዛል እጅህ!» አሉና ሳቁ፤ ከሰውየው ጋር ተያይዘው በጓዳው በር ወጡ።

በማግስቱ ዕድሩ ደጃቸው ላይ ድንኳን ተከለ፤ ሰፈሩም ሦስት ቀን ተቀምጦ ስለ ጨዋታው አወራ።