መጨረሻ ላይ የሚናገር ተንታኝ

ዘንድሮ ሥራ ከመሥራት ይልቅ ለመቀጠር መፈተን ይከብዳል። የበሰለ ሰው እንፈልጋለን ብለው ያወጡት ፈተና መጀመሪያ የሚያባርረው የበሰለውን ነው። ማስረጃው የታለ ካላችሁኝ እኔው አለሁላችሁ።

ሐይቅ ዳር ባለችው ከተማችን፣ ፒያሳ ያለ አንድ ድርጅት "የመረጃ ተንታኝ እንፈልጋለን፤ የዕድሜ ገደብ የለንም" ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። እኔ ደግሞ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ኮምፒውተርን ከነሠንጠረዡ ያለ አስተማሪ፣ ስልኬ ላይ እያየሁ ጥንቅቅ አድርጌ የተማርኩ ሰው ነኝ። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ የሚበልጠኝ ካለ ይምጣ ብያለሁ፤ እስካሁን የመጣ የለም። ባለቤቴ አልማዝ ግን አልተደነቀችም።

"ከተቀጠርክ እሰየው" አለችኝ። "ካልሆነ ያንን ኮምፒውተር ከምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ታነሳልኛለህ።"

የጽሑፍ ፈተናውን አለፍኩ። የኮምፒውተሩንም አለፍኩ። ከዚያ የባሕርይ መመዘኛ መጣ፦ "ራስዎን በእንስሳ ቢመስሉ ምን ነዎት?" ሐይቃችን ውስጥ የሚኖሩትን አስቤ ጉማሬ ብዬ ጻፍኩ። እሱንም አለፍኩ፤ እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ። የአልማዝ ቤተሰቦች እንኳ ልጃቸውን ሲድሩልኝ ይህን ያህል አልመረመሩኝም።

የቀረው የቡድን ውይይት ነበር። ስገባ ወጣቶቹ ተወዳዳሪዎች ብድግ ብለው አስቀመጡኝ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ትዕግሥት "የአንድ ካፌ ደንበኞች ለምን እንደቀነሱ ተወያዩ" ብላ ጥግ ይዛ መመዝገብ ጀመረች።

"አባባ፣ እርስዎ ይጀምሩልን" አለኝ አጠገቤ ያለው።

"የለም ልጄ፣ እናንተ ተናገሩ። እኔ አጠቃልላለሁ።"

እስቲ ፍረዱኝ፤ ልጆች ሳይናገሩ የሚቀድም ሽማግሌ የት አይታችኋል? ዕድር ላይም ሆነ ዕርቅ ላይ ትልቅ ሰው ሁሉንም ሰምቶ ነው የሚቋጨው። ልጆቹ ተናገሩ። አንዱ ሲጀምር ሌላው ይነጥቀዋል፣ እሱን ደግሞ ሌላዋ… ተንታኝ የሚመረጥ ሳይሆን በግ የሚሸጥ ይመስል ነበር። ትዕግሥት አፉን ለከፈተ ሁሉ ምልክት ታደርጋለች። እኔ በክብር ራሴን እየነቀነቅሁ ማጠቃለያዬን በሆዴ አሰናዳሁ። ልክ ጉሮሮዬን ስጠርግ "ሰዓት አልቋል" አለች።

በሳምንቱ ደወለችልኝ።

"አባባ፣ በጣም እናዝናለን። በውይይቱ ላይ ምንም ሐሳብ ስላላቀረቡ አላለፉም።"

አልማዝ ከጎኔ ሆና ሰምታ የኮምፒውተሩን ገመድ መንቀል ጀመረች።

"ቆይ ልጄ" አልኳት ትዕግሥትን፤ "እንግዲያው አሁን ላጠቃልል።"

ጨዋ ልጅ ናት፤ ሽማግሌ እያወራ ስልክ አትዘጋም። የእያንዳንዱን ሐሳብ እያነሳሁ፣ የጎደለውን እየሞላሁ፣ የተጋጨውን እያስታረቅሁ ቋጨሁት።

"አባባ፣ ይህንን ያን ቀን ቢናገሩት ኖሮ እኮ እርስዎን ነበር የምንቀጥረው።"

"እንዴት አድርጌ ልጄ? ያን ቀን ልጆቹ መች ጨረሱ!"