ሁለት አገር የተወለደው ዘፈን

የከሰረ ሱቅ ባለቤቱ አንድ ሰው ነው፤ ያተረፈ ሱቅ ግን ወንድምም አጎትም ሸሪክም ይበዛበታል። ዘፈንም እንደዚያው ነው። ሰው ሳይሰማው በፊት የት እንደተወለደ የሚጠይቀው የለም፤ አንዴ ስም ካወጣ ግን አገር ሁሉ «እትብቱ እኔ ዘንድ ነው የተቀበረ» ብሎ ይነሣል። ይህን ስል ማንንም ለመንካት አይደለም። እኔ ጠንቃቃ ሰው ነኝ፤ ሰማዩ ሳይጠቁር ጃንጥላ ይዤ እወጣለሁ፤ ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ ጃንጥላው እንዳይረጥብብኝ እጠለላለሁ።

በከተማችን በባሕር ዳር «ደንገል» የሚባል የሮክ ቡድን አለ። ሮክ ማለት፣ እንደ እኔ ለማታውቁት፣ ጊታሩ ታሞ ሲያቃስት ዘፋኙ የሚቆጣበት ዜማ ነው። ማንን እንደሚቆጣ እስካሁን አልገባኝም፤ እኔን እንዳይሆን ብዬ ግን ሲዘፈን ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። የመጀመሪያ ዘፈናቸው «መልህቅ የለኝም» ይባላል። የት እንደተደረሰ በእርግጥ የሚያውቅ የለም። ለክርክር ደግሞ የማይታወቅ ነገርን የመሰለ የለም፤ የሚያውቅ ሰው ከመጣ ጨዋታው ይፈርሳል።

ልጄ ይበልጣል፣ ዘፈኑ በእናቱ አገር በጢስ ዓባይ ተደረሰ ባይ ነው። «ከበሮውን አይሰሙም እንዴ አባባ? ፏፏቴው እኮ ነው!» ይለኛል። እኔ የምሰማው ቆርቆሮ ላይ ድንጋይ ሲወርድ ነው። እህቱን ትርንጎን ያጨው ጌታሰው በበኩሉ የዘንዘልማ ልጅ ነው፤ ደንገሎች ሳያልፍላቸው በፊት በሰፈሩ ቤት ተከራይተው እንደነበር፣ ዘፈኑም እዚያው መብራት በጠፋበት ቀን እንደተወለደ ይምላል። መብራት ከጠፋ ጊታሩ በምን ጮኸ? ብዬ ልጠይቀው ነበር። አማች ነውና ተውሁት።

ሁለቱ በፊት የአንድ ስልክ ማዳመጫ ለሁለት ተካፍለው ይህንኑ ዘፈን የሚሰሙ ወዳጆች ነበሩ። ሠርጉ ሲቃረብ ግን ሰላምታም ተቋረጠ።

በአገራችን ልማድ ሙሽራው ሲመጣ የሙሽሪት ወገን በር ይዞ አናስገባም ይላል። ጨዋታ ነው፤ ይዘፈናል፣ ይለመናል፣ ይገባል። ይበልጣልም የሠርጉ ዕለት እንደ ደንቡ በሩን ያዘ። ሚዜዎቹ ዘፈኑ። ለመኑ። ንቅንቅ የለም።

«ጢስ ዓባይ በል፤ ትገባለህ» አለ።

«ሞቼ ነው ዘንዘልማን የምክድ!» አለ ጌታሰው፣ ከነሱፍ ልብሱ።

«እንግዲያው እዚያው ሙት!»

እንግዳው ፀሐይ ላይ ቆሟል። ትርንጎ ከጓዳ፣ «አባባ፣ በዘፈን ምክንያት ቆሜ ልቀር ነው?» ብላ ማልቀስ ጀመረች። ሴት ልጃቸው ቆማ የቀረችባቸው አባቶች አውቃለሁ፤ በጊታር ምክንያት ግን የመጀመሪያው እኔ ልሆን ነው።

ይህን ጊዜ የሐይቅ ዳር ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ ከእንግዳው መካከል ወጡ። ጀልባ ሠሪ ናቸው። ሮክ የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም፤ ስለዚህ ከሁላችንም ይልቅ ለዳኝነት የሚሆኑ እሳቸው ነበሩ።

«ዘፈኑ ምንና ምን አለው?» አሉ።

«ግጥምና አዝማች» አለ አንዱ ሚዜ።

«እንግዲያው ግጥሙ ዘንዘልማ ተወለደ፤ አዝማቹ ጢስ ዓባይ። ጀልባም ባንድ ሳንቃ አይሠራም። በሉ ተሳሳሙ!»

«ማስረጃዎ ምንድን ነው ጋሽ ሰይድ?» አለ ይበልጣል።

«ማስረጃዬ እህትህ ናት። ስታለቅስ አትሰማም?»

ይበልጣል እጁን ከበሩ አወረደ። ተሳሳሙ። እልልታው ቀለጠ። ሽምግልና እንዲህ ነው፤ እውነቱን አይፈልግም። እውነት የተገኘ እንደሆነማ አንዱ ወገን ያኮርፋል።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ አልጽፈውም ነበር። ሚዜዎቹ ፍርዱን በየስልኩ በትነውት ኖሯል። ባለፈው ሰሞን የ«ደንገል» ዘፋኝ በሬዲዮ ቀርቦ ስለዚያ ዘፈን ተጠየቀ። ጥቂት አሰበና፣ «ግጥሙን ዘንዘልማ ጀመርነው፤ አዝማቹ ግን ጢስ ዓባይ ፏፏቴው ሥር መጣልን» ብሎ አረፈው። ድምፁን እንባ እንባ ይለው ነበር። ለጋሽ ሰይድ ስነግራቸው፣ «ባለቤቱ ካለማ እውነት ነዋ!» አሉኝ፣ ሳይስቁ።

እኔ ግን ጭንቀት ላይ ነኝ። ታናሿን ልጄን ሽማግሌ የላከባት የእንፍራንዝ ሰው ነው፤ እዚያ ደግሞ «ዘፈኑ ከእኛ አዝማሪ የተወሰደ ነው» የሚሉ አሉ አሉ። ደግነቱ፣ መካከሉ ላይ ዘፋኙ ዝም ብሎ ጊታሩ ብቻውን የሚያቃስትበት ረጅም ቦታ አለ። እስካሁን የማንም አይደለም።

ለእንፍራንዝ አስቀምጨዋለሁ።